የፍየሏ መንጃ ፈቃድ

ተማሪዎቹ ፊት ለፊት «አስተማሪ» ይሉታል፤ ዘወር ሲል «ጋሽ ፍሬን»። ስሙን ያወጡለት ከሥራው ነው። ሰውየው መኪና መንዳት ያስተምራል፤ የማስተማሪያዋ መኪና ደግሞ እንደ ደንቡ በአስተማሪው በኩል አንድ ተጨማሪ ፍሬን አላት፣ ለክፉ ቀን ተብሎ የተገጠመ። ለጋሽ ፍሬን ክፉ ያልሆነ ቀን የለም። ተማሪው ገና ቁልፉን ሲያዞር የእሱ እግር ፍሬኑ ላይ ነው። ቅጠል መንገድ ካቋረጠ ይይዛል። ድመት ግንብ ላይ ሆና ብታያቸው ይይዛል። ከእሱ ዘንድ ተምሮ የወጣ ሰው ስለ መኪና ጠንቅቆ የሚያውቀው ነገር ቢኖር፣ መኪና ደስ ባላት ጊዜ የምትቆም ፍጥረት መሆኗን ነው።

ቤቱ ሲገባም ፍሬኑን ይዞት ይገባል። ሚስቱ ወሬ ስትጀምር ጨራሹ እሱ ነው። እንግዳ «እንዴት ናችሁ?» ሲል የሁሉንም ጤንነት በአንድ ትንፋሽ የሚመልሰው እሱ ነው። እናቱን ሐኪም የት እንዳመማቸው ቢጠይቃቸው፣ ሕመሙን ከእሳቸው ቀድሞ እሱ ያገኘዋል። ክፋት የለበትም፤ ሰው ሲያመነታ ማየት አይችልም እንጂ።

የዚህ ሰው ልጅ ስድስት ዓመቷ ነው። ጉንጯ ሞላ ያለ ስለሆነ ድንቡሼ ይሏታል። ድንቡሼ ከእናቷ ጋር በእናቷ ቋንቋ፣ ከአያቷ ጋር በአያቷ ቋንቋ፣ ከአባቷና ከሰፈር ልጆች ጋር በከተማው ቋንቋ ታወራለች። ስትቸኩል ሦስቱንም በአንድ ዓረፍተ ነገር ታሳፍራቸዋለች፣ ትርፍ እንደጫነ ታክሲ። ትምህርት ቤት በር ላይ ስትደርስ ግን ሁሉንም አራግፋ ባዶዋን ትገባለች። ትንፍሽ የለም። የመዋዕለ ሕፃናት መምህሯ «ምላስ እንዳላት ያወቅሁት ስታዛጋ ነው» ብላለች።

በዚህ የተነሳ ምክትል ርዕሰ መምህሩ ጋሽ ፍሬንን ቢሮው አስጠራው። ምክትሉ አንድ ቋንቋ ብቻ የሚችል ሰው ነው፤ እሱንም ቆጥቦ ነው የሚጠቀምበት።

«ቤት ውስጥ በስንት ቋንቋ ነው የምታወሩት?» አለው።

«በሦስት» አለ ጋሽ ፍሬን፣ ኩራት ብጤ እየተሰማው።

«በቃ፣ በሽታው ተገኘ።» ምክትሉ ወንበሩ ላይ ወደ ኋላ ተለጠጠ። «ስማኝ ወንድሜ። የልጅ ጭንቅላት እንደ ቁም ሳጥን ነው። ለአንድ ሰው ሲሆን ሁሉም ነገር በቦታው ይገኛል። ሦስት ሰው ሲካፈለው ካልሲ ይጠፋል።»

ጋሽ ፍሬን አልተከራከረም። በእርግጥም የእሱ ቤት ቁም ሳጥን ለሦስት ነው፤ ካልሲም ይጠፋል።

«ወሩ ሲያልቅ ራሴ እፈትናታለሁ» ቀጠለ ምክትሉ። «እዚህ ቁጭ ብላ በራሷ አፍ አንድ ታሪክ ትነግረኛለች። ከነገረችኝ አንደኛ ክፍል ትገባለች። አለዚያ መዋዕለ ሕፃናትን ትደግማለች፤ እናንተም ቤት ውስጥ ከትምህርት ቤቱ ቋንቋ ሌላ አታወሩም።»

«እናቴስ? እሷ እኮ ሌላው ቢገባትም የራሷን ብቻ ነው የምትናገረው።»

ምክትሉ ትንሽ አሰበ። ርኅሩኅ ሰው ነውና መፍትሔ አላጣም። «ሌላ ዘመድ የላቸውም?» አለ።

ጋሽ ፍሬን ይህንን ለሚስቱ በሹክሹክታ ሊነግራት አስቦ ነበር። የእሱ ሹክሹክታ ግን የሞተር ድምፅ በለመደ ጉሮሮ ስለሚወጣ፣ እናቱ ከጓዳ ሆነው ከነትንፋሹ ሰሙት። ሻርፓቸውን አስተካክለው ብቅ አሉ።

«የልጅ አንደበት የያዝኩት እኔ ነኝ ማለት ነው?» አሉ በቋንቋቸው።

«ኧረ እማ፣ እንደዚያ አላለም፣ ያለው እኮ...»

«ሰምቻለሁ። ፈተናው ባለቀ ቀን እህትህ መጥታ ትውሰደኝ። እስከዚያም ከልጅቷ ጋር አላወራም። እኔ በቋንቋዬ ልጅ አላበላሽም።»

ቃላቸውን የሚያጥፉ ሴት አይደሉም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ለድንቡሼ የሚመልሱት በራስ ንቅናቄ ሆነ። ልጅቷ ጠዋት ተነስታ ያየችውን ሕልም ልትነግራቸው ስትመጣ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው ያዞራሉ። የምክትሉ መድኃኒት ፈዋሽነቱ በመጀመሪያው ሳምንት ታየ፦ ድንቡሼ ቤት ውስጥም ማውራት አቆመች።

እናትየዋ በአንድ ክሊኒክ ካርድ ክፍል ነው የምትሠራው። እዚያው ክሊኒክ የልጆችን ንግግር የምታይ አንዲት ባለሙያ ነበረችና ባልና ሚስቱ ድንቡሼን ይዘው ሄዱ። ባለሙያዋ ሐኪም አይደለችም፤ ነጭ ጋውን የለበሰ ሁሉ ለጋሽ ፍሬን ግን ዶክተር ነው።

«አንዱንም አትተዉ» አለች ባለሙያዋ። «ሦስቱም ይቀጥሉ። ተረት ንገሯት፣ ግን አትጨርሱት። መሐል ላይ ቁሙና ‹ከዚያስ ምን ሆነ?› ብላችሁ ጠይቋት። በፈለገችው ቋንቋ ትመልስ፣ ብትደባልቅም አትቆጡ። ታሪኩን እሷ ወዳለችበት ውሰዱት። ዋናው መጠበቅ ነው።»

«ለምን ያህል ጊዜ ዶክተር?»

«እስክትመልስ ድረስ።»

ጋሽ ፍሬን ጥሩ ቀልድ እንደሰማ ሰው ሳቀ። ሌላ ሰው አለመሳቁን ሲያይ ተወው።

መጠበቅ የሚባለውን ነገር ዕቃ ገዝቶ መገላገል ይቻል እንደሆነ ብሎ፣ በማግስቱ ታብሌት ይዞ መጣ። ሻጩ «ይሄ ራሱ ይጠይቃል፣ ራሱ ያርማል፤ ወላጅ አያስፈልገውም» ብሎታል። ውስጡ አንዲት ጥንቸል አለች። መንታ መንገድ ላይ ትቆምና «ወዴት ልሂድ?» ትላለች። ልጅ አንዱን ሥዕል ሲነካ፣ ሙዚቃ ይነፋና «ጎበዝ! እጅግ ድንቅ ነው!» ይላል። ሌላውን ሲነካም «ጎበዝ! እጅግ ድንቅ ነው!» ይላል። ጥንቸሏን ወንዝ ውስጥ ቢከቷትም ጉብዝና ነው። ድንቡሼ ነገሩ ስለገባት፣ ዓይኗ መስኮት ላይ ሆኖ በክርኗ ትነካው ጀመር። ቤቱ በምስጋና ተሞላ።

«አየሽ?» አለ ጋሽ ፍሬን ለሚስቱ። «አንድም አልሳተችም።»

«ምን አለች?»

«ጎበዝ ተባለች።»

«እሷ ምን አለች ነው ያልኩህ።»

ጋሽ ፍሬን ታብሌቱን አየ፣ ልጁን አየ። ታብሌቱ «ጎበዝ!» አለ።

እንግዲህ በራስ አፍ ከመተረት ሌላ መንገድ አልቀረም። ከእራት በኋላ ድንቡሼን አልጋዋ ላይ አስቀመጠና ጉሮሮውን ጠረገ። እናቱ ጥግ ላይ ካለችው ወንበራቸው ላይ ሆነው ክር ይጠቀልላሉ፤ ሚስቱ ልብስ ታጥፋለች። ሰው የሚያወራው የሚያውቀውን ነውና ተረቱም የሥራው ዘመድ ሆነ።

«አንዲት ፍየል ነበረች። መንጃ ፈቃድ ማውጣት ፈለገች። መኪና ውስጥ ገባችና... ምን አደረገች?»

ድንቡሼ አፏን ከፈተች።

«ቀበቶዋን አሰረች!» አለ አባቷ። «ጎበዝ! ከዚያስ? ስፖኪዮ አስተካከለች። ከዚያስ? ፍሬቻ አሳየች፣ ወደ ኋላ ተመለከተች፣ ቀስ ብላ ፍሪሲዮን ለቀቀች...»

ፍየሏ ያለ አንዳች ስህተት ፈተናውን አልፋ መንጃ ፈቃዷን ስትቀበል፣ ድንቡሼ የትራሱን ቁልፍ እየፈታች እየቆለፈች ነበር።

ጥግ ላይ ያሉት እናቱ የማሉት ከልጅቷ ጋር ላለማውራት እንጂ ከልጃቸው ጋር ላለማውራት አልነበረም። «ራስህ ከሳሽ፣ ራስህ ምስክር፣ ራስህ ዳኛ» አሉት። «ልጅቷን ምን ብለህ ነው የጠራሃት?»

«እማ፣ እየጠበቅሁ እኮ ነው!»

«አዎ፣ የባቡር መንገድ ላይ እንደቆመ ሰው ነው የምትጠብቀው።»

ሚስቱ የምታጥፈውን ልብስ አስቀምጣ ወጣችና አንድ ብርጭቆ ውሃ ይዛ ተመለሰች። «እንካ» አለችው። «ጥያቄውን ስትጠይቅ ተጎንጭና ያዘው። እስክትመልስ ድረስ እንዳትውጥ።»

«እኔ ሕፃን ነኝ?»

«ሕፃኗማ ዝም ማለት ትችላለች።»

በማግስቱ ማታ ፍየሏ እንደገና መኪና ውስጥ ገባች። «ምን አደረገች?» አለ ጋሽ ፍሬን፤ ተጎነጨና ያዘ። ጉንጮቹ ተነፉ። ቀኝ እግሩ የአልጋውን ምንጣፍ ይረግጥ ጀመር። ዓይኑ ፈጠጠ፣ አንገቱ ላይ ያለው ሥር ተገተረ። መልሱ በአፉ ሙሉ ውሃ ውስጥ እንደ ዓሣ ይገለባበጣል። ድንቡሼ የአባቷን ፊት መረመረችው። ከእሷ የሚበልጥ ጉንጭ በዚያ ቤት አይታ አታውቅም።

ከዚያ «ፍየሏ መሪውን በላችው» አለች።

«ፍየል» የሚለውን በአያቷ ቋንቋ፣ «መሪ» የሚለውን በከተማው፣ «በላች» የሚለውን በእናቷ። ነገሩ ግን ለሁሉም ግልጽ ነበር። የጋሽ ፍሬን ውሃ ግማሹ በአፍንጫው ወጣ። መሪ! ዕድሜውን ሙሉ «ሁለት እጅህን ከመሪው አትለይ» እያለ የኖረ ሰው፣ ዓይኑ እያየ መሪ ተበላበት። «መሪ አይበላም» ሊል አፉን ከፈተ፤ ሚስቱ ብርጭቆውን ከፍ አድርጋ አሳየችው።

«እሺ» አለ በረጅሙ ተንፍሶ። «በላችው። አሁን እንግዲህ... መሪ የሌላት መኪና ወዴት ሄደች?» ተጎነጨ።

ከዚያ ወዲያ ተረቱ ከእጁ ወጣ። መኪናዋ ገደል ልትገባ ስትል በራሷ አፍ «እኔ እንኳ ወደ ገበያ ነበር» አለች፤ መኪና የከተማውን ቋንቋ ነው የምትናገረው። ትራፊክ ፖሊስ መጥቶ አስቆማት፤ ፖሊሱ በእናቷ ቋንቋ ነው የሚቆጣው፣ በቤቱ ውስጥ «ቁሚ» የሚለው ቃል የሚመጣው ከዚያ ወገን ስለሆነ። ፍየሏ ደግሞ የአያቷን ቋንቋ ብቻ ነው የምታውቀው። ድንቡሼ ሳትሳሳት ከአንዱ ወደ አንዱ ትዘላለች። የምክትሉ ቁም ሳጥን ውስጥ ካልሲው ሁሉ ጥንድ ጥንዱን ይዞ ተቀምጦ ኖሯል።

አንዳንዴ ፍየሏ የምትለው ቃል ሲጠፋት ወደ አያቷ ወንበር ሮጣ ትጠይቃለች። አያቷ አፋቸውን በሻርፓቸው ይይዛሉ። ትከሻቸው ሲንቀጠቀጥ ይታያል እንጂ ድምፅ አይወጣም።

«እኔን ፍየል አደረገችኝ፣ ታያለህ?» አሉት ልጃቸውን፣ ድንቡሼ በሌለችበት። የተቀየሙ ይመስሉ ነበር። በሚቀጥለው ማታ ግን ወንበራቸውን ወደ አልጋው አስጠጉት።

ሰንበትበት ሲል ብርጭቆውን ልጅቷ ወሰደችው። ራሷ ትተርታለች፣ ራሷ ትቆማለች፣ አባቷን «ከዚያስ?» ብላ ትጠይቅና ጉንጯን ሞልታ ትጠብቃለች። ጋሽ ፍሬን ሲመልስ ራሷን በእምቢታ ትነቀንቃለች፤ በእሱ መልስ ሁሉ ውስጥ ቀበቶ ማሰር አለና።

የፈተናው ቀን ደረሰ። እናትየዋ ከሥራ ፈቃድ አላገኘችም። ድንቡሼ የአያቷን ቀሚስ አልለቅም ስላለች ሦስት ሆነው ሄዱ፤ አያቷ በዚያው ከሰዓት ሴት ልጃቸው ልትወስዳቸው እንደምትመጣ እያወቁ እጇን ጭምቅ አድርገው ይዘዋታል።

ምክትሉ ቢሮ ውስጥ ሰፊ ጠረጴዛ፣ ብዙ ወረቀትና ለራሱ የተቀዳ አንድ ብርጭቆ ውሃ አለ። ልጅቷን ፊት ለፊቱ፣ አባትና አያትን ግድግዳው ሥር አስቀመጠ።

«በይ፣ ታሪክ ንገሪኝ» አለ።

ድንቡሼ ዝም አለች።

ጋሽ ፍሬን እግሩን ወለሉ ላይ አጥብቆ ረገጠ። «ፍየል» የምትለው አንዲት ቃል ምላሱ ጫፍ ላይ ቆማ ትዘላለች። እሷን ብቻ ቢወረውርላት! ውሃ ስላልነበረው ከንፈሩን ነከሰ። ምክትሉ ሰዓቱን አየና «እንግዲህ እኔ ያልኩት...» ብሎ ወደ አባትየው ዞረ።

«አንዲት ፍየል ነበረች» የሚል ቀጭን ድምፅ ተሰማ።

ምክትሉ ተመልሶ ዞረ።

«መንጃ ፈቃድ ማውጣት ፈለገች። መኪና ውስጥ ገባችና...» ድንቡሼ ቆመች። «ምን አደረገች?»

ጥያቄው ለምክትሉ ነበር። ከዚያ በጠረጴዛው ላይ ተንጠራርታ ብርጭቆውን አነሳች፣ ተጎነጨች፣ ጉንጯን ነፍታ ምክትሉን ትጠብቅ ጀመር።

«ምንድን ነው ይሄ? ቀጥዪ እንጂ!»

ጉንጯ እንደተነፋ ነው።

«ለምንድን ነው ዝም ያለችው?» አለ ምክትሉ ለአባትየው።

«እርስዎን እየጠበቀች ነው።»

«እኔን? ፈታኙ እኮ እኔ ነኝ!»

«እሱማ ልክ ነው» አለ ጋሽ ፍሬን። ሌላ አልጨመረም። በሕይወቱ ካደረጋቸው ነገሮች ሁሉ ከባዱ ይኸ ሳይሆን አይቀርም።

ምክትሉ ወረቀቱን አገላበጠ፤ እዚያ ላይ ስለ ፍየል የተጻፈ የለም። ሳል አለ። በሩ መዘጋቱን አረጋግጦ ድምፁን ዝቅ አደረገና «መኪናዋን... አስነሳቻት?» አለ።

ድንቡሼ ዋጠች። «አይደለም። መሪውን በላችው።»

«መሪ እንዴት ይበላል?»

«ርቧት ነዋ።»

መሪው ተበልቶ፣ መኪናዋ ወደ ገበያ ልሂድ ብላ፣ ፖሊሱ አስቁሞ ሲቆጣ ምክትሉ ሳይታወቀው ሁለት ጊዜ «ከዚያስ?» አለ። ፖሊሱ የተናገረውን በማይገባው ቋንቋ ሰማ፤ ድንቡሼ መለስ ብላ በሚገባው ነገረችው። ፍየሏ ለፖሊሱ ልትመልስለት አፏን ስትከፍት ግን ልጅቷ ቆመች።

«ፍየሏ ምን አለች?» አለ ምክትሉ።

ጋሽ ፍሬን የራሱን መልስ ይዞ ከወንበሩ ብድግ ሊል ሲል፣ ልጁ ጣቷን ቀሰረችበት። «አባዬ፣ አንተ አይደለህም። ፍየሏ እማማ ናት።»

ብርጭቆውን ይዛ ወደ አያቷ ሄደችና በቋንቋቸው ጠየቀቻቸው፤ ፖሊሱ መንጃ ፈቃድ አምጪ ብሏታል፣ ምን ትበለው? ጉንጯን ሞላችና ጉልበታቸው ላይ ተደግፋ ቀና ብላ አየቻቸው።

አያቷ ወለሉን አዩ። ሻርፓቸውን አፋቸው ድረስ ሳቡት። ውጭ ልጆች ይንጫጫሉ። ምክትሉ ሊያስቸኩል እስክሪብቶውን አንስቶ፣ መልሶ አስቀመጠው። ጋሽ ፍሬን አፉን በእጁ ይዟል። በእሳቸው ፈንታ ማንም እንደማይመልስ አያቷ የገባቸው ያኔ ነው። ሻርፓቸው ወረደ።

«መንገዱን ማን አወጣውና ነው ፈቃድ የምትጠይቀኝ በዪው» አሉ። «ጥሻ የነበረውን እኔና እናቴ፣ የእናቴም እናት ተመላልሰንበት አይደል ወይ መንገድ የሆነው? አንተ ትናንት ባርኔጣ አድርገህ መጥተህ...» ወር ሙሉ የተጠራቀመ ነገር ነበርና በዚያ አላበቃም። ስለ ባርኔጣው፣ ስለ ፉጨቱ፣ ስለ ፖሊሱ አስተዳደግም ተናገሩ።

ድንቡሼ ወደ ጠረጴዛው ሮጣ ሳቋ ሲያመልጣት ውሃው የምክትሉ ወረቀት ላይ ተረጨ። ከዚያ በትምህርት ቤቱ ቋንቋ፣ ከመንገዱ አወጣጥ ጀምራ እስከ አስተዳደጉ ድረስ ምንም ሳታስቀር አስረዳችው።

ምክትሉ ወረቀቱን በመሐረብ አደረቀ። ስለ ባርኔጣ የተባለው ነገር የተነገረው ለማን እንደሆነ እርግጠኛ ሳይሆን አልቀረም፤ የእሱ ባርኔጣ ከበሩ ጀርባ ተሰቅሏል። «ታሪኩ ሥርዓት ይጎድለዋል» አለ በመጨረሻ። «ፈታኝ ትጠይቃለች፣ ረዳትም ተጠቅማለች። ቢሆንም... ትግባ፣ አንደኛ ክፍል ትግባ።» በሚቀጥለው የወላጆች ስብሰባ ላይ፣ አንዲት ዝምተኛ ሕፃን በትምህርት ቤቱ የቅርብ ክትትል እንዴት አንደበቷ እንደተፈታ በሰፊው አብራርቷል። ተጨብጭቦለታል።

ከሰዓት የጋሽ ፍሬን እህት መጣች። የእናቷን ሻንጣ ራሷ አንጠልጥላ በሩ ላይ አወጣችው። ድንቡሼና አያቷ አንድ ወንበር ላይ ተጣበው ስለዚያ ፖሊስ ይከራከራሉ፤ ይቅርታ ይደረግለት አይደረግለት አልተስማሙም።

«እማ፣ አውቶቡሱ እኮ ያመልጠናል» አለች እህትየዋ። የሰማት የለም። ወደ ወንድሟ ዞረች። «አንተ ንገረኝ እንጂ፣ ትሄዳለች ወይስ አትሄድም?»

ጋሽ ፍሬን መልሱን ያውቀዋል። ቢያንስ ምን እንዲሆን እንደሚፈልግ ያውቃል፤ ለእሱ እነዚህ ሁለቱ ተለያይተው አያውቁም። አፉን ከፈተ። ደግሞ ከደነው።

«እሷን ጠይቂያት» አለ።

እህቱ የታመመ ሰው እንደምታይ አየችው። ከዚያ ወደ እናቷ ሄዳ ጎንበስ ብላ ጠየቀቻቸው። እናትየዋ አልቸኮሉም። የልጅ ልጃቸውን ፀጉር ወደ ጆሮዋ ሰበሰቡ፤ በሩን አዩ፤ ሦስቱም ሲጠብቋቸው መጠበቃቸውን እንደ ማለዳ ፀሐይ ትንሽ ሞቁት።

«ያንን ሻንጣ ከበሩ ላይ አንሺው» አሉ። «ሰው ያደናቅፋል።»